ከአንድ ጥንድ ጫማ የሚገኝ ትምህርት



ፊልም አይቶ ማልቀስ ቀላል ነው። ከሲኒማ ቤት እንደ ወጡ እንባን ጠርጎ መርሳትም እንደዚያው ቀላል ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ችግርና ስለ ተስፋ የሚናገር አንድ ስመ ጥር ፊልም የምንመለከተው ግን ለማልቀስ አይደለም። «ተስፋ» የምንለው ቃል ወደ ኑሮ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ለመማር ነው።

ፊልሙ «የሰማይ ልጆች» ይባላል። ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ ደርሶ ያዘጋጀው ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዚያው ዓመት በሞንትሪያል የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1999 በተደረገው የኦስካር ሥነ ሥርዓትም በውጭ ቋንቋ ከተሠሩት ፊልሞች መካከል ለሽልማት ታጨ፤ ከኢራን ፊልሞች ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ክብር ያገኘው የጦርነትን ወይም የነገሥታትን ታሪክ በመተረክ ሳይሆን የአንዲት ትንሽ ልጅ ጫማ መጥፋቱን በመተረክ መሆኑን ልብ እንበል።

ታሪኩ በአጭሩ

ዓሊ በቴህራን ከተማ በድሃ ሰፈር የሚኖር ተማሪ ነው። የእኅቱን የዘህራን ጫማ ከጫማ ሰፊ አሠርቶ ሲመለስ አትክልት ሊገዛ ከአንድ ሱቅ ይገባል። ጫማውን በደጅ ባስቀመጠበት ቆራሌው ከቆሻሻው ጋር ጠራርጎ ይወስደዋል። በቤት ውስጥ እናት ታማለች፤ የቤት ኪራይም ውዝፍ አለ። አባታቸው ሌላ ጫማ ለመግዛት አቅም እንደሌለው ልጆቹ ስለሚያውቁ ነገሩን ይደብቁታል። ወላጆቻቸው በተቀመጡበት ክፍል የቤት ሥራ የሚሠሩ መስለው በደብተር ላይ እየተጻጻፉ ይመክራሉ። ውሳኔያቸውም የዓሊን አሮጌ ሸራ ጫማ ለሁለት ማድረግ ነው። ዘህራ በጠዋቱ ፈረቃ ትማርና እየሮጠች ትመጣለች፤ ዓሊ ጫማውን ተቀብሎ ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ ይሮጣል። የፈረቃ ትምህርት የተማረ ሰው የዚህን ሩጫ ጭንቀት ሳይነገረው ያውቀዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አራት ነገሮችን እንማር።

1ኛ/ ችግር ለሌላው ማሰብን አያስቀርም። ዘህራ አንድ ቀን ጫማዋን በሌላ ተማሪ እግር ላይ ታየዋለች። ከወንድሟ ጋር ሆና ልጅቷን እስከ ቤቷ ትከተላታለች። በዚያ ግን የልጅቷ አባት ዓይነ ስውር መሆኑን ያያሉ። እርስ በርስ ይተያዩና አንዲት ቃል ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ጫማው የእነርሱ ነበር፤ «የእኔ ነው» ለማለትም መብት ነበራቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የባሰ ችግር ያለበትን ቤት ሲያዩ መብታቸውን ተዉ።

2ኛ/ ችግር ለአለመታመን ምክንያት አይሆንም። አባትየው ለመስጊድ ሻይ የሚሆን ስኳር እየፈለጠ ሳለ ዘህራ ሻይ ታቀርብለታለች። ስኳር ሲጠይቃት በፊቱ ያለውን ክምር ታሳየዋለች። እርሱ ግን ያ የመስጊዱ እንጂ የቤታቸው አለመሆኑን ነግሮ አይነካውም። ይህ ቤተሰብ ሙስሊም ነው። ከእኛ የተለየ እምነት ያለው ሰው ምን ሊያስተምረን ይችላል የሚል ቢኖር፣ ጌታችን በምሳሌው የፍቅርን ሥራ ያሳየን በሳምራዊው ሰው መሆኑን ያስታውስ። በአደራ ገንዘብ ላይ የተሾመ ሁሉ፣ የማኅበር ሣጥን ያዥም ቢሆን፣ ይህን የሻይ ብርጭቆ ማሰብ ይገባዋል።

3ኛ/ የመከራ ጊዜ ልፋት በከንቱ አይቀርም። የሩጫ ውድድር ይደረጋል ተብሎ ይነገራል፤ ለሦስተኛው ከሚሰጠው ሽልማት አንዱ ሸራ ጫማ ነው። ምዝገባው ቢያልፍም ዓሊ መምህሩን አልቅሶ ይለምናል። ሲሞክሩት እጅግ ፈጣን ሆኖ ተገኘ። አሠልጣኝ አልነበረውም፤ ያሠለጠነው ጫማ ለመለዋወጥ በየቀኑ በየጠባቡ መንገድ ያደረገው ሩጫ ነው።

4ኛ/ ተስፋ ካሰብነው በር ብቻ አይመጣም። ዓሊ በውድድሩ ሦስተኛ ለመሆን ሲጣጣር ይወድቃል፤ ተነሥቶ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ አንደኛ ይሆናል። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብለት እርሱ ያለቅሳል፤ ጫማው የሦስተኛው ነበርና። ባዶ እጁን ወደ ቤት ይመለሳል። ተመልካቹ ግን ልጆቹ የማያውቁትን ነገር ያያል። በአባታቸው ብስክሌት ላይ ከዕቃው ጋር ሁለት ጥንድ አዲስ ጫማ ተጭኗል። ልጁ ውሃ የቋጠረ እግሩን በግቢው ገንዳ ነክሮ ሲያዝን፣ ያዘነበት ነገር በመንገድ ላይ ነው።

ያ ጫማ ከየት መጣ? አባትና ልጅ በሀብታሞች ሰፈር የአትክልተኛነት ሥራ ፍለጋ ሄደው ነበር። አባትየው በየበሩ መናገር ሲያቅተው ዓሊ ተናግሮለት ሥራ አገኙ። ሲመለሱም ዓሊ ለዘህራ ጫማ እንዲገዛላት አባቱን ጠየቀው። ወዲያው የብስክሌቱ ፍሬን እምቢ ብሎ ወደቁ፤ አባትየውም ተጎዳ፤ ተስፋው የተቆረጠ መሰለ። ነገር ግን ያች ልመና በአባት ልብ ውስጥ ቀርታ ነበር። እንግዲህ ልጆቹ በጭንቀት ከሸሸጉት ነገር ሁሉ ይልቅ፣ ለአባት የተነገረችው አንዲት ቃል ፍሬ አፈራች ማለት ነው።

ወጣት ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ፊልም ድህነትን አያስውብም። ሕፃን ልጅ ጫማ አጥቶ መሳቀቁ መልካም ነገር ነው ብሎም አያስተምርም። የሚያሳየን በችግር ውስጥ ሰው ሆኖ መቆየት የሚቻል መሆኑን ነው። ከመካከላችን ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለመድኃኒት ተጨንቆ፣ «ወላጆቼን አላስቸግር፤ ጓደኞቼም አይወቁብኝ» ብሎ የሚሸሽግ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ወጣት ዘወትር ፈገግ ስለሚል ማንም አያውቅበትም። ስለዚህ የተቸገረው ቢያንስ ለአንድ ለሚያምነው ሰው ይናገር። ያልተቸገረው ደግሞ የጓደኛውን እግር ይመልከት፤ ሳይለመንም ይድረስለት። ይህን ካደረግን ፊልሙን በእውነት አየነው ማለት ይቻላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ/ ዓሊና ዘህራ ጫማው መጥፋቱን ከወላጆቻቸው መደበቃቸው ተገቢ ነበርን? ስለ ምን?

ለ/ መብታችን የሆነውን ነገር ስለ ሌላው ብለን መተው የሚገባን መቼ ነው? መተው የማይገባንስ መቼ ነው?

ሐ/ በክፍላችን ችግሩን ሸሽጎ የሚኖር ቢኖር፣ ሳናሳፍረው ልንረዳው የምንችለው በምን መንገድ ነው?