ዛፍ በሚቈረጥበት ስፍራ ሕዝብን ከአደጋ ስለ መጠበቅ

ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ከተተከለ ወዲህ፣ ለከተማው ሕዝብ ማገዶም ማገርም ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ይሁን እንጂ በሱቅ ደጃፍ ወይም በመጋዘን አጥር ዳር የቆመ ዛፍ ሲደርቅ ወይም ሲያዘምም መቈረጡ ግድ ነው። ያን ጊዜ ባለ ሱቁ አብዝቶ የሚጨነቀው ለጣራው ቆርቆሮና ለመስኮቱ መስተዋት ነው። ቆርቆሮም መስተዋትም በገንዘብ ይተካሉ፤ በዚያ የሚያልፈው ተማሪ፣ ተሸካሚ ወይም ደንበኛ ግን አይተካም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚሰጠው ትምህርት ዛፉ እንዴት እንደሚቈረጥ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ከሥራው ስፍራ እንዴት እንደሚርቅ የሚያስረዳ ነው።

አንደኛ፤ የአደጋውን ክልል መለካት። ብዙ ሰው ዛፍ ከቁመቱ አልፎ አይደርስም ብሎ ያስባል። ነገር ግን የሚወድቅ ዛፍ ሌላውን ዛፍ ወይም ምሰሶ ገፍቶ ይጥላል፤ ጫፉ መሬት ሲመታ የተሰበረው ቅርንጫፍ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ቁልቁለት በሆነ ስፍራም ግንዱ ይንከባለላል። ስለዚህ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መመሪያዎች ዘንድ የታወቀው ልክ የዛፉ ቁመት እጥፍ ነው። ዛፉ 20 ሜትር ቢሆን፣ በሥራው የሌለበት ሰው ሁሉ ከ40 ሜትር ወዲያ ይቆማል ማለት ነው።

ቁመቱንም ያለ መሣሪያ መገመት ይቻላል። አንድ ሰው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ከጭብጡ በላይ ያለው ክፍል ከዐይኑ እስከ ጭብጡ ካለው ርቀት ጋር እኩል የሆነ በትር ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ከዚያም ፊቱን ወደ ዛፉ እንዳደረገ በደልዳላ መሬት ላይ ወደ ኋላ ይራቅ። ጭብጡ ከዛፉ ሥር፣ የበትሩም ጫፍ ከዛፉ ራስ ጋር ገጥሞ በታየው ጊዜ፣ ከቆመበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው።

መንገዱ ጠባብ ሆኖ ይህን ያህል ስፍራ የማይገኝ ከሆነ፣ ዛፉን ከሥሩ መጣል አይገባም። የሠለጠነ ቈራጭ ከላይ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ እያሰረ በገመድ ያውርደው። ያን ጊዜም ቢሆን ከዛፉ በታችና ቁራጩ ሊወዛወዝ በሚችልበት ዙሪያ ሁሉ ሰው አይለፍ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሳይነገር ሥራው አይጀመር። ዛፉ በመንገድ ዳር የቆመ እንደ ሆነም አስቀድሞ የከተማውን አስተዳደር ፈቃድ ማግኘትና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መነጋገር ያሻል።

ሁለተኛ፤ መንገደኛው የሚሄድበትን መንገድ ማሳየት። ገመድ ብቻውን ሰው አይከለክልም። መንገደኛው ጉዳዩ ያቻኩለዋልና፣ ሌላ መተላለፊያ ካላየ ጐንበስ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ገመዱ ሲወጠር፣ በየት በኩል ዞሮ ማለፍ እንደሚቻል በጕልህ ጽሕፈት ይመልከት። ለሥራውም መንገደኛ የሚበዛበት ሰዓት አይመረጥ፤ የገበያ ቀን፣ ተማሪ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ፣ ኀይለኛ ነፋስ ያለበት ቀን ይቅር።

ሦስተኛ፤ ጠባቂ ማቆም። በገመዱ ዳርና ዳር፣ መግቢያም ባለበት ሁሉ፣ ሌላ ሥራ የማይሠራ አንድ አንድ ሰው ይቁም። ግንድ እንዲጐትት ወይም ቅርንጫፍ እንዲሰበስብ የተላከ ሰው ጠባቂ አይባልም። የሞተር መጋዝ ሲጮኽ ቈራጩ ጥሪ አይሰማምና፣ ከጠባቂዎቹ ጋር በሚታይ ምልክት አስቀድሞ ይስማማ። ሁሉም ጠባቂዎች መንገዱ ባዶ መሆኑን ሳያሳዩ መጋዙ ግንዱን አይንካ። ከመካከላቸው አንዱ ቀይ ጨርቅ ሲያነሣ ሥራው ወዲያው ይቁም።

አራተኛ፤ ሱቁን መዝጋት። ገመዱን አብዝቶ የሚጥሰው መንገደኛ አይደለም፤ ራሱ ያስወጠረው ባለ ሱቅ ነው። የቆየ ደንበኛው ከወዲያ ማዶ ሲያየው፣ «ግቡ፣ ምንም የለም» ብሎ ይጠራዋል። አንድ ደንበኛ ባለፈበትም ሌሎቹ ይከተላሉ፤ ጠባቂውም ቀጣሪው ራሱ የጠራውን ሰው ለመከልከል ያፍራል። እንግዲህ በክልሉ ውስጥ ያለ ሱቅ ሁሉ ሥራው እስኪያልቅ ይዘጋ፤ ጎረቤት ነጋዴዎችም ከዋዜማው ይነገራቸው። የግማሽ ቀን ሽያጭ በሌላ ቀን ይካካሳል።

አምስተኛ፤ ዛፉ ከወደቀ በኋላ መጠንቀቅ። ዛፉ እንደ ወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ለመልቀም የሚሮጡ እናቶችና ሕፃናት አሉ። ነገር ግን ተሰብሮ በሌላ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ቈይቶ ሊወርድ፣ ግንዱም ሲቈራረጥ ሊንከባለል ይችላል። እነርሱን በቁጣ ከማባረር ይልቅ፣ ጭራሮው በመጨረሻ ከገመዱ ውጭ እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ መንገርና ቃልን መጠበቅ ይበልጣል።

ሕጉንም ማሰብ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጐዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዛል። በቍጥር 2067 ደግሞ በሥራው በሌላው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኀላፊ እንደሚሆን፣ ጉዳቱ የደረሰው በተጐጂው ጥፋት ብቻ ከሆነ ግን ከኀላፊነት እንደሚድን ይደነግጋል። በቈራጩና ባሠራው ነጋዴ መካከል ኀላፊው ማን እንደ ሆነ እንደ ነገሩ ሁኔታ ዳኛው ይወስናል። ሆኖም ገመድ ያላየና ጠባቂ ያልነገረው መንገደኛ ቢጐዳ፣ «ጥፋቱ የራሱ ብቻ ነው» ብሎ መከራከር እጅግ ያስቸግራል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጥቂት ገመድ፣ የጠባቂዎች የቀን ሙያተኛ ዋጋና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ምክር ነጋዴው ስለ ዕቃው ዘወትር ያስበዋል፤ በደጃፉ ስለሚያልፈው ሰው ደግሞ አብልጦ ሊያስበው ይገባል።