የትራክተር ሞተር ጭስና መቆራረጥ፤ ምልክቱና ምክንያቱ

ዝናብ ለተበላሸ መሣሪያ ቀጠሮ አይሰጥም። በሰፈራ አካባቢ በእርሻ ወቅት አንድ ትራክተር ለሁለት ሳምንት ቢቆም የሚስተጓጎለው የመሣሪያው ሥራ ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በውድም በግድም ከድርቅ አካባቢዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ሲሰፍር፣ በመተከል በምትገኘው ፓዌ የገንዲ በሽታ የእርሻ በሬዎችን ስለሚፈጅ እርሻው በአመዛኙ በትራክተር ላይ የተመሠረተ ነበር። በጣሊያን መንግሥት እርዳታ ይካሄድ የነበረው የጣና በለስ ፕሮጀክት በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ሲቋረጥና መሣሪያዎቹ ሲቆሙ፣ ብዙው ሰፋሪ መሬቱን በእጅ ወደ መቆፈር ተመለሰ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ሕመሙን በአቅራቢያው መርምሮ የሚያውቅለት ሰው የሌለው መሣሪያ እንደ ንብረት ሊቆጠር አይችልም።

የናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም። የሚሻው ሦስት ነገር ሲሆን፣ እነዚህም ንጹሕና በቂ አየር፣ በትክክለኛው ጊዜና መጠን የሚረጭ ናፍጣ፣ እንዲሁም አየሩን እስኪግል ድረስ አፍኖ የሚጨምቅ ሲሊንደር ናቸው። የጭሱ ቀለም ከሦስቱ የትኛው እንደ ጎደለ ያመለክታል። በመሆኑም ጭስ በታየ ቁጥር «ሞተሩ አርጅቷል» ብሎ ማስፈታት ገንዘብንም ወቅትንም ማባከን ነው።

1. ጥቁር ጭስ

ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል። በቅድሚያ መታየት ያለበት የአየር ማጣሪያው ነው። በቤላሩስና በሌሎችም የቆዩ ትራክተሮች ላይ ማጣሪያው ከሥሩ ዘይት የሚይዝ ሳህን አለው። በአቧራማ ማሳ ላይ ይህ ዘይት በአጭር ጊዜ ወደ ጭቃነት ስለሚለወጥ በየዕለቱ መታየት፣ ሲቆሽሽም ታጥቦ እስከ ምልክቱ ድረስ ብቻ በአዲስ መሞላት ይገባዋል። ቀጥሎ የሚመረመረው ጭነቱ ነው። ማረሻው ከመጠን በላይ ጠልቆ ወይም ማርሹ ከብዶ ከሆነ ጭሱ ሲቀል ይጠፋል። ማጣሪያው ንጹሕ፣ ጭነቱም ልክ ሆኖ ጭሱ ካልጠፋ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ወይም የተዛባ የናፍጣ ፖምፓ ይጠረጠራል። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ይኸውም በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚቀንስ፣ በጭነት ጊዜ የሚታይ ቀላል ጥቁር ጭስ ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይሆንም።

2. ሰማያዊ ጭስ

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ዋናው ምክንያት የፒስተን ቀለበት (ፋሻ)፣ የሲሊንደር ወይም የቫልቭ መሪ ማለቅ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ሁለት ወጪ የማይጠይቁ ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው የሞተሩ ዘይት ከመለኪያው በላይ መሞላቱ፣ ሁለተኛው የአየር ማጣሪያው ሳህን ከምልክቱ በላይ ተሞልቶ ሞተሩ ዘይቱን መሳቡ ነው። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ጭስ በኃይል የሚወጣ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። እንዲህ ያለው ሞተር በየዕለቱ ዘይት እየተጨመረለት ወቅቱን ሊጨርስ ይችል ይሆናል፤ ጥገናው ለበጋ መታቀድ አለበት። ፋሻን ያለ ዕድሜው የሚበላው አቧራ ስለሆነ፣ በማጣሪያውና በሞተሩ መካከል ያለው የጎማ ቱቦ መሰንጠቁና ማሰሪያው መላላቱ አብሮ ይመርመር።

3. ነጭ ጭስ

ጠዋት በብርድ ሲነሣ የሚታይና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ አያሳስብም። ከሞቀ በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ግን ሁለት ትርጉም አለው። ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ እየወጣ ነው። ምክንያቱም የናፍጣው መርጫ ጊዜ መዘግየት ወይም የአንድ ሲሊንደር መጭመቅ አለመቻል ይሆናል። እንደ እንፋሎት ያለና የራዲያተሩን ውኃ የሚያጎድል ከሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ወይም ቴስታታው መሰንጠቁ ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ፣ በተለይም የሞተሩ ዘይት ወተት መስሎ ከተገኘ፣ ሞተሩን ወዲያውኑ ማቆም ግዴታ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን ሳይበርድ አይከፈትም።

4. መቆራረጥ

መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ከሲሊንደሮቹ አንዱ ሳይሠራ ሲቀር ነው። መቆራረጡ በሁሉም ሲሊንደር ላይ እየተፈራረቀ የሚታይ ከሆነ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በናፍጣው ውስጥ የገባ አየር ወይም ውኃ ነው። ስለዚህ የጋኑንና የማጣሪያውን ዝቃጭ ማፍሰስ፣ ማጣሪያውን መለወጥ፣ አየሩንም አረፋ እስኪጠፋ ማስተንፈስ ይገባል።

መቆራረጡ ወጥ ከሆነ አንድ ሲሊንደር ደክሟል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ በዝቅተኛ ፍጥነት እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደው ቱቦ ዳዶ በየተራ ግማሽ ዙር ይላላና ተመልሶ ይጠበቃል። ደህናው ሲሊንደር ሲቋረጥ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፤ የታመመው ሲቋረጥ አይለወጥም። በፖምፓው ግፊት የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ስለሚገባ እጅና ፊትን ማራቅ፣ ዳዶውን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ የታመመው ሲሊንደር ኖዝል ከደህናው ጋር ይለዋወጣል። ሕመሙ ከኖዝሉ ጋር ከተዛወረ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው። በቦታው ከቀረ ግን ቫልቭ፣ ፋሻ ወይም ፖምፓ ይመረመራል። የኖዝል ግፊት የሚስተካከለው በመፈተሻ መሣሪያ እንጂ በግምት ስላልሆነ፣ ወደ ጋራዥ የሚላከው ኖዝሉ ብቻ ይሆናል፤ ሞተሩ ባለበት ይቆያል።

5. የመለዋወጫ ጥያቄ

«ትራክተሩ ያጨሳል» ብሎ የሚጻፍ ደብዳቤ ምላሽ የሚያገኘው በግምት ነው። ስለዚህ ጥያቄ የሚያቀርብ ኃላፊ የሞተሩን ዓይነትና ቁጥር፣ የሠራበትን ሰዓት፣ የጭሱን ቀለም፣ ጭሱ በብርድ፣ በጭነት ወይም ሁልጊዜ መታየቱን፣ በቀን የሚጨመረውን የዘይት መጠን፣ የታመመውን ሲሊንደር ቁጥርና የተደረገውን ፍተሻ ሊገልጽ ይገባል። ከሩቅ መጋዘን የተሳሳተ ዕቃ የመጣ እንደሆነ፣ ትክክለኛው ተልኮ እስኪደርስ ድረስ የዘር ጊዜው ሊያልፍ ይችላል።