ጎማው ሲሰፋ ነፋሱ ስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ የኮሮላዬን 195/65 ጎማ ከነቸርኬው ቀይሬ ባለ 16 ቸርኬ 205/55 አስገጠምኩ። ጎሚስታው «ሰፊ ጎማ ነፋስ ይፈልጋል» ብሎ 40 ሞላልኝ። አሁን መኪናዋ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር ትነጥራለች። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ነፋሱን የሚወስነው የሚሸከመው ክብደት ነው፤ መኪናዎ ደግሞ አልከበደችም። መነሻዎ በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ቁጥር ይሁን፤ 32 ካለ 32። ከጎማው ልክ ቀጥሎ ያለውን የጭነት ቁጥርም ያስተያዩ፦ አሮጌውም አዲሱም 91 ከሆኑ እያንዳንዳቸው 615 ኪሎ ይችላሉ፤ ምንም አይቀይሩ። አዲሱ «ኤክስኤል» የሚል ካለበት ግን ሁለት ሦስት ፒኤስአይ ይጨምሩ። ጎኑ ላይ የተጻፈው 44 ወይም 51 ጣሪያው ነው፤ እሱን እንደ ትእዛዝ አንብቦ የሚሞላ ጎሚስታ ያናድደኛል።

የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ከዚያ የጎማውን ጥርስ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ያስምሩና ቀጥ ባለ አስፋልት ትንሽ ይንዱ። መሀሉ ብቻ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። አንድ ሁለት ፒኤስአይ እያሉ ያስተካክሉት። ከተለጠፈው በታች ግን አይውረዱ፤ የአዲሱ ጎማ ጎን አጭር ስለሆነ አንድ ክፉ ጉድጓድ ቸርኬውን ያጣምመዋል።