አስጎብኚ ምን ይሠራል? ከአዋሽ ፓርክ እስከ ሳሪስ

በዛሬው «አካባቢያችንን እንወቅ» ዓምዳችን ስለ አንድ ሙያ እንማማራለን። ሙያው በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንግዳ ማስጎብኘት ነው። ታላቅ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ለተግባር ልምምድ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተመድባ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እዚያ ሆና የጻፈችበትን ደብተር አንብቤ፣ ያልገባኝን እሷን ጠይቄ ነው።

ፓርኩ የት ነው?

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በእኛ በሳሪስ አልፎ በቃሊቲ፣ በቢሾፍቱና በአዳማ የሚሄደው መንገድ እዚያ ያደርሳል። በፓርኩ ውስጥ ፈንታሌ የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ፣ ፍል ውሃና የአዋሽ ፏፏቴ አሉ። ሳላ፣ አጋዘን፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ።

አስጎብኚ ስም ብቻ አይጠራም

ብዙዎቻችን አስጎብኚ ማለት «ይሄ ሳላ ነው፣ ያ ከርከሮ ነው» የሚል ሰው ይመስለናል። እህቴ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ለእንግዳው ስሙን ብቻ ከነገርሽው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እንስሳው እንዴት እንደሚኖር ከነገርሽው ግን ቤቱ ድረስ ያስበዋል።» ፍሪማን ቲልደን የሚባል አሜሪካዊም እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የአስጎብኚ ዋና ሥራ ሰውን ለማሰብ ማነሳሳት እንደሆነ ጽፏል።

ለምሳሌ ሳላን እንውሰድ። ወንዱም ሴቷም ረጅም ቀጥ ያለ ቀንድ አላቸው። አስጎብኚው መጀመሪያ እንግዶቹ ዝም ብለው እንዲያዩ ያደርጋል። ቀጥሎ «በዚህ ሙቀት ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን የሚቆየው እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም የመሰለውን ከተናገረ በኋላ ያስረዳል። ሳላ ከሚበላው ተክል ውሃ ያገኛል። ፀሐይ ስትበረታ ቶሎ አያልበውም፤ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ ይልና ማታ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ስለዚህ በላብ የሚወጣውን ውሃ ይቆጥባል ማለት ነው። እኛ ግን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ትንሽ ሮጠን ወደ ቧንቧ ነው የምንሮጠው!

ስለዚህ ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፦ ማሳየት፣ መጠየቅ፣ ከሰውየው ኑሮ ጋር ማገናኘት።

አስጎብኚ እንግዶቹን መቆጣጠርም አለበት። ለዝንጀሮ ሙዝ ወይም ብስኩት መስጠት ክልክል ነው። ዝንጀሮው ከለመደ ራሱ ፈልጎ መብላቱን ትቶ ከሰው እጅ መንጠቅ ይጀምራል፤ ሰውም ሊነክስ ይችላል።

ውሃው ከየት መጣ?

እህቴ ፏፏቴው ጋ ስትደርስ ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪዎችን «ይህ ውሃ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?» ትላቸው ነበር። አዋሽ የሚነሳው ከጊንጪ አካባቢ ነው። መንገድ ላይ ግን ብዙ ወንዞች ይገቡበታል። ከእነሱ አንዱ የእኛው አቃቂ ነው!

ከሳሪስ በስተምዕራብ ትንሹ አቃቂ፣ በስተምሥራቅ ትልቁ አቃቂ ይወርዳሉ። ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ይገቡና ከዚያ ወደ አዋሽ ይቀላቀላሉ። አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ በፓርኩ በኩል አድርጎ አፋር ይወርዳል። ባሕር ሳይደርስም በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ውሃው የያዘው ነገር ወደ ባሕር አይወጣም።

እርግጥ የምንጥለው ፌስታልና ሃይላንድ ሁሉ ፓርኩ ድረስ አይሄድም፤ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል። አባ ሳሙኤል በደለልና በእምቦጭ የተጎዳውም ከከተማችን በሚወርደው ቆሻሻ ምክንያት ነው። በውሃ የሚሟሟው ፍሳሽ ግን ከውሃው ጋር ይጓዛል። አቃቂ አጠገብ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች በዚሁ ውሃ ያጠጣሉ፤ እኛም ያንን ጎመን ገዝተን እንበላለን። ታች ደግሞ የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶች፣ የፓርኩም እንስሳት ከአዋሽ ይጠጣሉ።

እኛስ ምን እናድርግ?

አስጎብኚ ለመሆን የግድ ፓርክ መሄድ አያስፈልግም። የሚኒ ሚዲያና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት ተባብረን የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆችን ግቢያችን ውስጥ ማስጎብኘት እንችላለን። ዛፉን እናሳያቸው፣ ምን ወፍ እንደሚያርፍበት እንጠይቃቸው። ከዚያ በአጥር በኩል የሚያልፈውን የቦይ ውሃ እናሳይና «ይህ የት ይሄዳል?» እንበላቸው። መልሱን ያወቀ ልጅ የብስኩት ልጣጭ ቦይ ውስጥ ከመጣሉ በፊት የሚያስብ ይመስለኛል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሳላ ውሃ የሚቆጥበው በምን በምን መንገድ ነው?
2. ከሳሪስ የሚወርድ ውሃ አቤ ሐይቅ እስኪደርስ በየት በየት ያልፋል? በካርታ አሳዩ።
3. ግቢያችንን ብታስጎበኙ መጀመሪያ የምታሳዩት ምንድን ነው? ለምን?

መልሳችሁን ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ አስገቡ።