ከጭብጨባው በኋላ ተማሪ መሆን

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማልዶ የተገኘ ሰው፣ በዓለም መድረክ የተጨበጨበላቸው ሯጮች ስማቸው ገና ካልተሰማ ታዳጊዎች ጋር ጤዛውን ሲረግጡ ያያል። ሜዳሊያው ቤት ተሰቅሏል፤ ልምምዱ ግን አልቀረም። ይህን ልማድ ለሁላችንም እመኘዋለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በስልካችሁ ለምትስሉ፣ የሱቅ ታፔላ ለምትጽፉ፣ አንድ ቀን የልጆች መጽሐፍ በሥዕሌ አስጌጣለሁ ብላችሁ ለምታልሙ የሱሉልታ ወጣቶች።

የዓለም ሎሬት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1932 አንኮበር ተወለዱ። በ1947 ገና በልጅነታቸው የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። መምህሮቻቸው ግን ተሰጥኦዋቸውን አይተው ወደ ሥዕል ገፋፏቸው፤ ለንደን በሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1954 አገር ቤት ተመልሰው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኤግዚቢሽን ሲያቀርቡ ገና ሃያዎቹን መጀመራቸው ነበር። ሥዕሉ ተወደደ፣ ተሸጠ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ “ደረስኩ” ይላል። አፈወርቅ ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ለሁለት ዓመት ተመልሰው ተማሪ ሆኑ! በአውሮፓ ሲዘዋወሩ የባለቀለም መስታወት ሥራ ተማሩ። ከዚያም ጋር በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍታችንን አጠኑ።

ለንደን ካሉት ብራናዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1868 የንግሥት ቪክቶሪያ ጦር ከመቅደላ የወሰዳቸው ናቸው። የአባትን ቅርስ በሰው አገር ማየት ያንገበግባል። ቁጭት ብቻውን ግን ሥዕል አይሆንም፤ ቁጭ ብሎ ማጥናት ያስፈልጋል።

ብራናውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጽሑፉ የተቀመጠበት መስመር በቀለም የተሰመረ አይደለም፤ ቆዳው ላይ በወስፌ ተጭኖ የተሰመረ ነው፣ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ብቻ ጎልቶ ይታያል። ጻድቃን ፊት ለፊት ተስለው በሁለት ትልልቅ ዓይኖቻቸው ያዩናል። ክፉዎች በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ መጽሐፉ ገና ሲገለጥ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ይህን ያህል ያሰበ ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን እንኳ አልጻፈም።

አፈወርቅ ከዚያ ጥናት በኋላ ምን ሠሩ? አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ግቡ። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚያሳየው የመስታወት ሥራቸው 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት መሪዎቹ የተሰበሰቡት በዚያው አዳራሽ ነበር። በእኔ ዓይን፣ ቀለሞቹን ከብበው የያዙት ወፋፍራም ጥቁር መስመሮች የብራና ሠዓሊዎቻችን እጅ ያለባቸው ናቸው። የውጭውን ሙያ ተማሩ፣ የአገራቸውንም አልናቁም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የማንም ግልባጭ ያልሆነ ሥራ ወጣ።

እናንተም ሥራችሁ ሲወደድ፣ ገጻችሁ ላይ “ጎበዝ!” የሚለው ሲበዛ፣ ያን ቀን አዲስ ነገር ለመማር ተመዝገቡ። ሙገሳ ጉልበት ይሰጣል፤ ጉልበቱን ለሚቀጥለው ትምህርት አውሉት። ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። በአዲሱ ገበያ በኩል ብትወርዱ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የእንጦጦ ማርያም ሙዚየምም እዚያው ተራራው ላይ ነው። እርሳስና ደብተር ያዙ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ አንድ ሥዕል ምረጡ። ከዚያ ሥዕል ላይ አንድ ፊት፣ አንድ ብቻ፣ እስኪሳካላችሁ ድረስ ደጋግማችሁ ሳሉ። የመጀመሪያው ካልመሰለ ገጹን ገልብጡና ቀጥሉ።