የእንግዳው ውሻና ከአጥሩ ማዶ ያለው፦ ሪዞርቶች ለማዳ እንስሳትን ስለመቀበላቸው

አኅጽሮተ ጥናት

ሪዞርቶችና ሎጆች እንግዶች ውሻና ድመታቸውን ይዘው እንዲገቡ ይፍቀዱ ወይስ ይከልክሉ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በእንግዳውና በድርጅቱ መካከል ብቻ እንዳለ የውል ጉዳይ ይታያል። ይህ አጭር ጽሑፍ ውሉ ሲደረግ በሥፍራው የማይገኙ ሦስት ወገኖችን ያነሣል፤ እነርሱም በክፍሉ ቀጥሎ የሚያርፈው እንግዳ፣ ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛና ከግቢው አጥር ማዶ የሚኖረው የዱር እንስሳ ናቸው። የላንጋኖንና የሐዋሳን ሐይቅ ዳር መዝናኛዎች ከባሌ ተራሮች ጋር በማነጻጸር፣ በሐይቅ ዳር በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ እንደሚቻል፣ ቀይ ቀበሮ በሚኖርባቸው የደጋ ሥፍራዎች ግን ክልከላው ተገቢ እንደሆነ ይከራከራል።

መነሻ

«የቤት እንስሳ» በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። በሬውም፣ አህያውም፣ በጉም የቤት እንስሳ ናቸው። ሰው ለጓደኝነት ብቻ የሚያኖረውን፣ ከአልጋው ግርጌ የሚተኛውንና ለዕረፍት ጉዞ በመኪና ወንበር ላይ የሚሳፈረውን እንስሳ ለይቶ የሚጠራ የጸና ቃል ግን የለም። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ «ለማዳ እንስሳ» የሚለውን ይጠቀማል፤ ትኩረቱም ውሻና ድመት ናቸው። የቃሉ አለመጽናት ስለ ልማዱም የሚናገረው አለ። በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዘንድ ውሻ ግቢ ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ትይዛለች። ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲሄድ የውሻው ዋና የሥራ ጊዜ ያኔ ይጀምራል እንጂ ውሻው አብሮ አይሄድም።

ይህ ልማድ በከተሞች አንድ ወጥ ሆኖ አልቀጠለም። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባ ውሻቸውን ቤት ውስጥ የሚያኖሩ የውጭ አገር ነዋሪዎች አሉ፤ ከውጭ የተመለሱና በከተማው ያደጉ ኢትዮጵያውያንም አሉ። እነዚህ ሰዎች ለቅዳሜና እሑድ ክፍል ሲጠይቁ ጥያቄው በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ተረኛው ሠራተኛ የጽሑፍ መመሪያ ከሌለው በራሱ ግምት፣ ብዙ ጊዜም በእንግዳው ማንነት ይወስናል። ለአንዱ የተፈቀደው ለሌላው የሚከለከለው በዚህ መንገድ ነው።

ጽሑፉ የመስክ መጠይቅ አልተካሄደበትም፤ በታወቁ የእንስሳት ጤናና የዱር እንስሳት ጥበቃ ግኝቶች እንዲሁም በሌሎች አገሮች ደንቦች ላይ የተመሠረተ ንጽጽር ነው።

የፈቃዱ ክርክርና መሠረቱ

ይፈቀድ የሚሉ ወገኖች ክርክር ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ውሻ ማኅበራዊ እንስሳ ነው፤ ከለመደው ሰው ለቀናት ሲለይ ምግብ የሚተውና ያለማቋረጥ የሚጮኽ አለ። አደራ የሚሰጠው ሰው የሌለው ቤተሰብ ወይ ጉዞውን ይተዋል፣ ወይም እንስሳውን በቂ ጥንቃቄ ለማይደረግበት ቦታ ጥሎ ይሄዳል። ለድርጅቱም ጉዳዩ ገቢ ነው፤ በሥራ ቀናት ክፍሎቹ ባዶ የሚያድሩበት ሪዞርት ከነውሻው የመጣን እንግዳ ለመመለስ አይቸኩልም።

ክርክሩ የሚሳሳተው የሌሎችን አገሮች ልምድ ሲጠቅስ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች መካከል ውሻን ይዞ መጓዝ ቀላል የሆነው ሆቴሎቹ ደግ ስለሆኑ አይደለም። የኅብረቱ ደንብ እንስሳው ከቆዳው ሥር በሚቀመጥ ማይክሮቺፕ እንዲለይ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲወስድ፣ ከመጀመሪያው ክትባትም በኋላ 21 ቀን ሳይሞላው ድንበር እንዳይሻገር፣ ይህም ሁሉ በፓስፖርቱ ላይ እንዲሰፍር ያዛል። ሆቴሉ ውሻውን ሲቀበል ይህ ሁሉ ከበሩ ውጭ ተሠርቶ አልቋል። በአንጻሩ ከእብድ ውሻ በሽታ ነጻ በሆነችው ሃዋይ፣ አስቀድሞ የደም ምርመራን ጨምሮ የተጠየቀውን ያላሟላ እንስሳ እስከ 120 ቀን በኳራንቲን ሊቆይ ይችላል፤ የአሜሪካ ግዛት መሆኗ ከሌሎቹ ግዛቶች የሚመጣውን ውሻ ከዚህ አያድነውም። ሁለቱ ደንቦች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ የሚነሡት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ እንስሳው የሚደርስበት ቦታ ምን አለው፣ ምንስ የለውም? ፈቃዱን ብቻ ገልብጦ የቆመበትን መሠረት የሚተው ሪዞርት የእንስሳት ሐኪምንና የድንበር ተቆጣጣሪን ሥራ ለእንግዳ ተቀባዩ ያሸክማል።

ከእንግዳው በኋላ የሚመጡት

በመጀመሪያ የሚነሣው ቀጣዩ እንግዳ ነው። የድመት አለርጂ ዋነኛ መንሥኤ የሆነው ፕሮቲን ከምራቋና ከቆዳዋ ዕጢዎች ይወጣል፤ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ብናኞች ላይ ተጣብቆ በአየር ይንሳፈፋል፤ በምንጣፍ፣ በመጋረጃና በፍራሽ ውስጥም ይቀመጣል። ድመት ከኖረችበት ቤት ከወጣች በኋላ መጠኑ ድመት ወደሌለበት ቤት ደረጃ ለመውረድ ወራት ሊወስድ ይችላል። የሁለት ሌሊት ቆይታ ከዓመታት ኑሮ ጋር እኩል አይደለም፤ ሆኖም አስም ያለበት ሰው አንሶላው ስለተቀየረ ብቻ ክፍሉ ጸድቷል ብሎ መተማመን አይችልም።

በኢትዮጵያ ደግሞ የውጭ አገር የሆቴል መመሪያዎች እምብዛም የማያነሡት ጉዳይ አለ። በሻፊዒ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱ በአፈር፣ መታጠብ አለበት። የማሊኪ መዝሀብ በዚህ ላይ የተለየ አቋም አለው፤ ነገር ግን በክፍሉ ወለል ላይ ሊሰግድ ያሰበ ሙስሊም እንግዳ ትናንት በዚያ ማን እንዳደረ የማወቅ መብቱ በመዝሀቡ የሚወሰን አይደለም። ለአለርጂውም ለዚህም ጥያቄ የሚሆነው መፍትሔ አንድ ነው፤ ምንጣፍ የሌላቸውና ወለላቸው የሚታጠብ ጥቂት ክፍሎችን ለይቶ መመደብ፣ ይህንንም ክፍል ለሚይዝ ሰው ሁሉ አስቀድሞ መንገር።

የሠራተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በዓለም ላይ በሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ በውሻ የሚተላለፍ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላም መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰ ደግሞ ለ10 ቀን በክትትል እንዲቆይ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ይባላል። የሪዞርት ቆይታ ግን 10 ቀን አይሞላም። ቅዳሜ ጠዋት፣ እንግዳው ቁርስ ላይ ሳለ፣ ክፍል ልታጸዳ የገባችን ሠራተኛ የነከሰ ውሻ እሑድ ከሰዓት በመኪናው ይሄዳል። ሠራተኛዋ ከእንግዳው ትክክለኛ አድራሻና የውሻውን ሁኔታ ለማሳወቅ የፈረመበት ግዴታ ካልቀረላት ክትትል የሚባል ነገር የለም። ለእንስሳው ተብሎ የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ ብዙ ጊዜ ለጽዳትና ለተበላሸ ዕቃ ይሰላል፤ የሠራተኛዋ የሕክምና ወጪና የሥራ ቀናት በዚያ ስሌት ውስጥ መግባታቸው መረጋገጥ ይኖርበታል።

ከአጥሩ ማዶ፦ የባሌ ተራሮች

እስካሁን የተነሡት ችግሮች በገንዘብና በጥሩ አስተዳደር የሚፈቱ ናቸው። በባሌ ግን ጉዳዩ ከዚህ ያልፋል። በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የቀይ ቀበሮ ዋና መኖሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋማ ተራሮች በቀር በየትም አይገኝም፤ በአጠቃላይ በሕይወት ያሉት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላዩ በባሌ ይኖራሉ።

የእንስሳው አኗኗር ለተላላፊ በሽታ አመቺ ነው። ቀን ቀን ለየብቻው አይጥና ፍልፈል ያድናል፤ ማለዳና ማታ ግን ከመንጋው ጋር ይሰባሰባል፣ ይላላሳል፣ የግዛቱን ወሰን አብሮ ይዞራል። በመሆኑም አንዱ ከታመመ መንጋው አይተርፍም። በ1991 እና በ1992 (እ.ኤ.አ.) የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጀ። በ2003 እና በ2004 በወብ ሸለቆ ሲመለስ በዚያ ከነበሩት ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ገደለ። በ2008፣ ከዚያም በ2014 እንደገና ተከሠተ። ዲስተምፐር የተባለው የውሾች በሽታም በ2005፣ በ2010 እና በ2015 ተነሥቷል። የእነዚህ ወረርሽኞች ምንጭ የቤት ውሻ ነው።

እዚህ ላይ የፈቃድ ደጋፊው ጠንካራ መልስ አለው። በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ከሚኖሩት በርካታ የእረኞችና የገበሬዎች ውሾች አንጻር የእንግዳው ውሻ ከቁጥር አይገባም፤ ከብዙዎቹም ይልቅ እርሱ የተከተበ፣ የታጠበና በማሰሪያ የተያዘ ነው። ክርክሩ በቁጥር ረገድ እውነት አለው። ሁለት ነገሮችን ግን ይዘላል። አንደኛ፣ «ተከትቧል» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ብቻ ያመለክታል። ዲስተምፐር ለመተላለፍ ንክሻ አያስፈልገውም፤ በትንፋሽና ከሰውነት በሚወጣ ፈሳሽ ይተላለፋል፤ የታመመ ውሻም ቫይረሱን ለሳምንታት ሊያወጣ ይችላል። ከሩቅ ከተማ የመጣ ውሻ ደግሞ በአካባቢው ያልነበረ በሽታ ይዞ ሊመጣ የሚችል ነው።

ሁለተኛው ከበሽታ ስሌት ውጭ ያለ ነው፤ ክብደቱም ከመጀመሪያው አያንስም። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1995 ከተቋቋመ ወዲህ በአካባቢው ያሉ ውሾችን መከተብ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነው፤ ከ2018 ጀምሮም ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በምግብ ውስጥ በተደበቀ ክትባት መጠበቅ ተጀምሯል። የውሻ ክትባቱ የሚሳካው የአካባቢው ሰው ውሻውን ይዞ ሲመጣ ነው። ለዚህ ሰው ውሻ የኑሮ መሣሪያ ነው፤ ጅብ በሚዞርበት ደጋ ከብቱን በሌሊት የሚጠብቅለት እርሱ ነው። ውሻህ ለቀበሮው አደጋ ነው፣ አስከትበው፣ ልቅ አትተወው እየተባለ የሚመከር ሰው የከተማው እንግዳ ውሻ ለመዝናናት በመኪና በዲንሾ በኩል ሲያልፍ ቢያይ ምክሩን እንደ ሳይንስ ሳይሆን እንደ አድልዎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። በአንድ ሎጅ የሚፈቀደው ውሻ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ምናልባትም ይህ ነው፤ የብዙ ዓመት ሥራ የቆመበትን መተማመን ይሸረሽራል። ስለዚህ በባሌ፣ እንዲሁም ቀይ ቀበሮ በሚገኝባቸው በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ፣ ሎጆች የእንግዶችን ውሻ አለመቀበላቸው ሊደገፍ የሚገባው ነው።

ወደ ሐይቅ ዳር ሲመለሱ

ይህ ምክንያት በላንጋኖና በሐዋሳ አይሠራም፤ ስለዚህ ክልከላውን ወደዚያ መገልበጥም ስሕተት ይሆናል። በእርግጥ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጦጣና ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ሣር እየወረዱ በሰው መካከል ይዘዋወራሉ፤ ብዙ ጎብኚ የሚመጣውም እነርሱን ለማየት ነው። ያልታሰረ ውሻ ይህን በአንድ ጠዋት ይበትነዋል። ነገር ግን ማሰሪያ፣ የተለየ የእግር መንገድና የተመደበ ክፍል ለዚህ በቂ ናቸው። የክትባት ወረቀቱም «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ብቻ ሳይሆን ቀኑ ታይቶ መመዝገብ አለበት፤ የመጀመሪያ ክትባቱን ትናንት የወሰደ ውሻ ወረቀት እንጂ ገና መከላከያ የለውም። ለድመት ደግሞ ከማሰሪያ ይልቅ ከክፍሏ አለመውጣቷ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታየው የረዳት ውሻ ነው። የአሜሪካ ሕግ ማየት ለተሳነው ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነን ውሻ ከለማዳ እንስሳ አይቆጥረውም፤ ሆቴሉ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ የሌላ እንግዳ አለርጂም ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ በስምምነቱ ውስጥ ለሕዝብ የሚሰጡ አገልግሎቶችን ተደራሽ የማድረግ ግዴታ አለ። በላንጋኖ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሰውየውም ውሻውም ይገባሉ። በባሌ ግን ከላይ የቀረበው ክልከላ ከዚህ መብት ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። ለሁለቱም በሽታዎች የተከተበና ቀኑ የተረጋገጠ ረዳት ውሻ ከባለቤቱ ጋር በሎጁ ግቢ እንዲያድር መፍቀድ ይቻላል፤ ወደ ሳነቲ አምባ በእግር የሚደረገው ጉዞ ግን በሰው መሪ እንዲሆን ሊጠየቅ ይገባል። መሪውን መቅጠርና ደመወዙን መክፈል የሎጁ ድርሻ ነው፤ ክልከላውን ያመጣው የቦታው ጠባይ እንጂ የእንግዳው ምርጫ አይደለምና።