ብትስቂ ኃጢአት የለውም

እጅሽን አታቁሚ፤ ለተጎጂዎች የተሰበሰበውን ልብስ እየለየሽ ስሚኝ። ቅድም ከጓደኞችሽ ጋር ስትስቂ ቆይተሽ ድንገት አፍሽን በነጠላሽ የሸፈንሽው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። «ሰው ቤቱ ተደርምሶበት እኔ እዚህ አዲስ አበባ፣ ጎፋ ሰፈር ሆኜ እንዴት ጥርሴን አሳያለሁ?» ብለሽ ነው። ታላቅሽ ነኝና ልንገርሽ፤ ብትስቂ ኃጢአት የለውም። ሳቁ የት እንደሚሳቅና ደስታው ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ አለብሽ።

ደግሞስ የማያስቅ ሆኖ ነው? ጭቃ ለሚረግጥ ሰው ታኮ ጫማ፣ ያውም የአንድ እግር ብቻ! ከሥሩ የሚዜ ሱፍ ከነክራቫቱ። ሰዉ ለተጎጂ ሰጠሁ እያለ ቁም ሳጥኑን ነው ያራገፈው። ሳቂና ወደዚያኛው ጆንያ ጣይው። እዚህኛው የሚገባው ግን የታጠበ፣ ቁልፉ የተተከለ፣ አንቺ ራስሽ ለብሰሽው ብትወጪ የማታፍሪበት ይሁን። የልጆቹን ከአዋቂው ለይተሽ በየጆንያው ላይ በማርከር ጻፊበት። እዚያ በዝናብ ቆሞ የሚያከፋፍለው ልጅ ስድስት ጆንያ ፈትቶ የሕፃን ሹራብ እንዳይፈልግ።

ሐምሌ 2016ን ታስታውሻለሽ። ሐምሌ 15፣ ሰኞ ቀን፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ሰው ዋጠ። ጎረቤቱ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ እየቆፈረ ሰው ሊያወጣ ተሰበሰበ። እነሱ እየቆፈሩ ሳሉ ናዳው ሁለተኛ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሮጡት ነበሩ። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀር። አንቺ አሁን የምትሠሪው ሥራ የእነዚያ ሰዎች ሥራ ቅጥያ ነው። ስለዚህ ቀላል አድርገሽ አትዪው፤ ግን ፊትሽን አጨፍግገሽም አትሥሪው።

በዚያው ሳምንት እኛ ሰፈር ምን ነበር? ሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ነው፣ ጎፋ ገብርኤል ንግሥ። በማግስቱ ሐምሌ 20 የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ተጀመረ፣ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ አለ። ዓርብ እልል ያለ አፍ ቅዳሜ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሲል ዋለ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ሄደሽ ከድንኳኑ ጀርባ ዞረሽ አታውቂም? ፊት ለፊት ደረት ይመታል፤ ጓሮ የዕድር ሴቶች ሽንኩርት እየላጡ፣ ወጥ እያማሰሉ በቀልድ ይንከተከታሉ። ማንም ክፉ አይላቸውም። ያ ሳቅ ባይኖር የለቅሶ ቤቱ ጭስና ድካም አይቻልም ነበርና። ግን ሰሃኑን ይዘው ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ፊታቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። የአገልግሎት ደስታም ሕጉ ይኸው ነው፦ ጓሮ ሳቂ፣ ድንኳን ስትገቢ አልቅሺ።

ቅዱስ ጳውሎስም ሁለቱን አልነጣጠለም። ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በ12ኛው ምዕራፍ የሚምር ሰው በደስታ ይማር ይላል፤ ጥቂት ወረድ ብሎ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስን ያዝዛል። ሁለቱም ለአንድ ሰው፣ በአንድ ደብዳቤ ነው የተነገሩት።

እንግዲህ ደስታው ከየት ይምጣ? መጀመሪያ ከሥራው ይምጣ። ጠዋት እንደ ተራራ የነበረው ክምር ማታ ተለይቶ፣ ታስሮ፣ ተጽፎበት አይሱዙው ላይ ሲጫን ደስ ይላል፤ ይበልሽ። ቀጥሎ ከባልንጀሮችሽ ይምጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ብቻሽን ልሸከም አትበይ። ከሁሉ በላይ ግን የሰጠሽው ለማን እንደሆነ ከማወቅ ይምጣ። ክርስቲያን ነሽና ብርድ ልብሱን የለበሰው ክርስቶስ ራሱ እንደሆነ ተምረሻል።

ከየት እንደማይመጣም ልንገርሽ። ከተጎጂው ምስጋና አትጠብቂው። ልጆቿን የቀበረች እናት ጆንያ ተቀብላ ሳታይሽ ዞር ብትል ምንም አላጎደለችብሽም። ከስልክ ካሜራም አትጠብቂው። ሽማግሌ ዘይት አስይዞ «ወደዚህ ይዩ አባባ» ማለት ነውር ነው፤ አባታችንን በሐዘን ልብሱ ሰው እንዲህ ቢያደርግብን እንወድ ነበር? ለሰጪዎች ማስረጃ ካስፈለገ የተጫነውን መኪና አንሺ፣ ደረሰኙን አንሺ። ሃይማኖቱን ጠይቀሽም አትስጪ። ጎፋ ዞን ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አለ፤ ናዳው አልመረጠም፣ አንቺም አትምረጪ።

ደረሰኝ ካልኩ አይቀር፣ የገንዘቡን ነገር አደራ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ላይ ያለውን ታውቂዋለሽ። ረሃብ ሊመጣ መሆኑን ነቢዩ አጋቦስ ሲናገር፣ የአንጾኪያ ክርስቲያኖች እንደ አቅማቸው አዋጥተው ለይሁዳ ወንድሞቻቸው በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። በኋላ የመቄዶንያ ሰዎች ራሳቸው ድሆች ሆነው ሳለ በደስታ ሲያዋጡ፣ ጳውሎስ ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳያማው ታማኝ ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። ሐዋርያው ከሐሜት ከተጠነቀቀ እኛ እነማን ነን? የመጣውን ብር በአንድ ሰው ቴሌብር አታስቀምጡ፤ ሁለት ሆናችሁ ቁጠሩ፣ ሁለት ሆናችሁ ፈርሙ። ደስታን እንደ ገንዘብ ጭቅጭቅ የሚገድለው የለም።

ደግሞ ከመላክሽ በፊት ጠይቂ። ለጎፋ የሐምሌ ጭቃ የሚሆነው ለአፋር ሙቀት አይሆንም። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት በዚያው በአፋር፣ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነውን ሳይቀር ነቅንቆናል፤ በዚያ ሰሞን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ያ ሰው የፈለገው ውኃ፣ ሸራና ጥላ ነው እንጂ የእኛን የክረምት ኮት አይደለም። ስለዚህ እዚያው ላለው ቤተ ክርስቲያን ወይም ለቀይ መስቀል ደውለሽ ምን እንደጎደለ ስሚ። ብዙ ጊዜ ብር ብትልኪ ይሻላል፤ ለጎፋ ከሆነ ሳሙናና ብርድ ልብስ እዚያው ሳውላ ገበያ ይገኛል፤ የመኪና ኪራዩ ለተጎጂው ይተርፋል። ለሴቶቹም ሞዴስ አትርሺ፤ ወንዶቹ ዝርዝር ሲያወጡ ሁሌ ይዘሉታል። ካልጠሩሽ ደግሞ ራስሽን ጭነሽ አትሂጂ። ቤት የሌለው ሰው እንግዳ አይጨመርበትም።

ደስታው ሲጠፋብሽ ያኔ አትደንግጪ። ከቤተሰብ ጋር መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ «እኔ ብቻ ነኝ የምሠራው» ማለት ከጀመርሽ የደከመው ሰውነትሽ እንጂ እምነትሽ አይደለም። ቤትሽ ግቢ፣ ብዪ፣ ተኚ። ተራሽን የሚይዝልሽ ሰው ስጡኝ ብለሽ ለመጠየቅም አትፍሪ። ያየሽው ሐዘን ከከበደሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተውሽ። ለቅሶ ደራሽ በሦስተኛው ቀን ይበተናል፤ የእውነት ዘመድ የሚታወቀው በአርባውና በሰማንያው ነው። አደጋም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት መኪና አይጠፋም፣ ካሜራም አይጠፋም። ለጎፋዎቹ አርባው የዋለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጅ የተረፈለት ሰው ደብተርና ዩኒፎርም የሚያስብበት ሰዓት። ስለዚህ አሁኑኑ ስልክሽን አውጪና አርባውንና ሰማንያውን ቀን መዝግቢ። በዚያን ቀን ደውለሽ «እንዴት ናችሁ? ምን ጎደለ?» በይ፤ ጓደኞችሽንም ሰብስቢ። ሁሉም ረስቶት አንቺ ያልረሳሽው ሰው ስልኩን ሲያነሣልሽ የሚሰማሽን ደስታ ማንም አይወስድብሽም። በይ፣ ያንን ጆንያ እሰሪው።